ቀኑን የቆረጠው ማን ነው?

በ1901 የአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ዘጊ አናዳ የሚባለውን የሕፃናት ገዳይ የምትመክተው በፈረስ ደም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የበሽታው መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ሲወጋ የቆየ ፈረስ በደሙ ውስጥ ማርከሻ ያበጃል። ከደሙ ተለይቶ የሚወጣው ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለው፣ ጉሮሮው ለተዘጋ ሕፃን መዳኛው ነበር። ለከተማዋ ጤና ቢሮ ሴረም ይሰጡ ከነበሩት ፈረሶች አንዱ ጂም ይባላል። ዕድሜውን የወተት ጋሪ ሲጎትት ያሳለፈ ፈረስ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ28 ሊትር የማያንስ ሴረም ተገኝቶበታል።

ኦክቶበር 2 ቀን ጂም መንጋጋ ቆልፍ እንደያዘው ታወቀና እንዲገደል ተደረገ። ወሩ ሳያልቅ ከእርሱ ደም የተዘጋጀውን መድኃኒት የተወጉ ሕፃናት በዚያው በመንጋጋ ቆልፍ መሞት ጀመሩ። 13 ሕፃናት አለቁ። ምርመራ ሲካሄድ ኦገስት 24 የተቀዳው ሴረም ንጹሕ፣ ሴፕቴምበር 30 የተቀዳው ግን የተበከለ ሆኖ ተገኘ። ነገሩን ያከፋው ሌላ ግኝት ነው፦ የተበከለው ሴረም ከፊሉ «ኦገስት 24» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈባቸው ጠርሙሶች ተሞልቶ ነበር። ሐኪሙ ጠርሙሱን አንሥቶ ቢያነብም የሚያነበው ሐሰት ነው። በዚያው ሰሞን በኒው ጀርሲዋ ካምደን ከተማ ዘጠኝ ሕፃናት በተበከለ የፈንጣጣ ክትባት ሳቢያ በተመሳሳይ በሽታ ሞቱ።

የአሜሪካ ምክር ቤት ዝም ማለት አልቻለም። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጁላይ 1 ቀን 1902 የፈረሙበት ሕግ ሴረምና ክትባት የሚያዘጋጅ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ማምረቻውም እንዲፈተሽ አዘዘ። በጠርሙሱ ላይ የአምራቹ ስም፣ አድራሻውና የፈቃድ ቁጥሩ እንዲጻፍ፣ ከእነዚህም ጋር መድኃኒቱ የሚጠበቅበትን ሥራ ይሠራል ተብሎ የማይታመንበት ቀን እንዲገለጽ ደነገገ። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ካርቶን እያገላበጥን የምንፈልገው ቀን የሕግ ግዴታ ሆኖ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ዓላማውም አንድ ነበር፤ ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ሻጩ በጽሑፍ እንዲመሰክር ማስገደድ።

ቀን ያልነበረው ኪኒን

ሕጉ የሚመለከተው ከሕያው ነገር የሚገኙትን መድኃኒቶች ብቻ ነበር። ኪኒኑ፣ ሽሮፑና ቅባቱ ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርታት ይህ ግዴታ አልነካቸውም። የመድኃኒት ሕግ በአሜሪካ ሲጠብቅ የኖረው ደግሞ በመቅሠፍት ማግስት ነው። በ1937 ሰልፋኒላማይድ የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ በሽሮፕ መልክ ለማቅረብ ሲባል ዳይኢትሊን ግላይኮል በሚባል መርዛማ ኬሚካል ተሟሟ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ ልጆች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በ1938 አንድ መድኃኒት ገበያ ከመውጣቱ በፊት ጉዳት እንደሌለው ማሳየት ግዴታ ሆነ። በ1941 ኢንሱሊን፣ በ1945 ፔኒሲሊን በየምርት ዙሩ በመንግሥት እየተፈተሹ እንዲሸጡ ተወሰነ። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በአውሮፓ ብዙ ሺህ ሕፃናትን አካለ ጎዶሎ አድርጎ ከታየ በኋላ ደግሞ በ1962 መድኃኒቱ ፈዋሽ መሆኑም በማስረጃ እንዲረጋገጥ ተደነገገ።

ጊዜው ስላለፈበት መድኃኒት ብዙ ሰው የሚያነሣው ፍርሃት ሥሩ በቀጣዩ ዓመት ይገኛል። በ1963 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ተበላሽቶ ሳለ ወስደው ኩላሊታቸው የታወከ ሕሙማንን ታሪክ አወጣ። ሕመሙ ፋንኮኒ ሲንድረም ይባላል፤ ኩላሊት ሰውነት የሚፈልጋቸውን ንጥረ ነገሮች መልሶ መያዝ ሲያቅተው የሚመጣ ነው። ሕሙማኑ መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ አገገሙ። መድኃኒቱ እንዲበላሽ ያፋጥን የነበረው በኪኒኑ ውስጥ የሚጨመረው ሲትሪክ አሲድ ሆኖ ተገኘና ኋላ ከቅመማው ወጣ። ችግሩ ቢወገድም ትዝታው ቀረ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መርዝ ይሆናል የሚለው አባባል ዛሬም ድረስ መሠረቱን ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀስላችሁ ይኸው የቴትራሳይክሊን ታሪክ ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭር ስሙ ኤፍዲኤ፣ ማናቸውም መድኃኒት የማብቂያ ቀን ይጻፍበት የሚለውን ደንብ በ1978 አውጥቶ ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለ። ደንቡ ቀኑ በግምት እንዳይጻፍ ይከለክላል፤ ቀኑ በፍተሻ መደገፍ አለበት። ኩባንያው መድኃኒቱን በተወሰነ ሙቀትና እርጥበት ያስቀምጣል፤ በየጊዜው እያወጣ ይለካል። በውስጡ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው መጠን ከ90 በመቶ በታች ከወረደ ጊዜው አልፏል ይባላል። በ1993 አሜሪካ፣ አውሮፓና ጃፓን የፍተሻውን ዘዴ አንድ አደረጉት። አንደኛው ናሙና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስና በ60 በመቶ እርጥበት ይቆያል። ሌላው ጊዜውን ለማፋጠን በ40 ዲግሪና በ75 በመቶ እርጥበት ለስድስት ወር ይቀመጣል።

ደንቡ ግን አንድ በር ክፍት ትቷል። ያልፈተሽከውን ቀን አትጻፍ ይላል እንጂ መድኃኒቱ እስኪበላሽ ድረስ ፈትሽ አይልም። ኩባንያው ለሁለት ዓመት ፈትሾ ሁለት ዓመት ቢጽፍ ሕጉን አሟልቷል። መድኃኒቱ አምስት ወይም አሥር ዓመት ይቆይ እንደሆነ ግን እርሱም አያውቅ፣ ሌላውም አያውቅ። ለማወቅ መፈተሽ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ረጅም ቀን የተጻፈበት መድኃኒት ደግሞ ቶሎ አይተካም። በዚህ ምክንያት በአብዛኛው ካርቶን ላይ የሚታየው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሆኖ ቀረ። መድኃኒት እንደ ወተት በአንድ ሌሊት አይኮመጥጥም፤ ቀኑ ዋስትናው የሚያልቅበትን እንጂ መድኃኒቱ የሚሞትበትን ዕለት አይናገርም። ይህን ልዩነት ቀድሞ ለመፈተሽ የተነሣው ሐኪም ቤት ሳይሆን ጦር ሠራዊት ነው።

የጦሩ መጋዘን

በ1980ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር መጋዘን አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል በሚያወጣ መድኃኒት ተሞልቶ ነበር። ለነርቭ ጋዝ ማርከሻ የሚሆን አትሮፒን አለ፤ ለቁስል የሚሆን ፀረ ባክቴሪያ አለ። ይህ ክምችት ጦርነት ካልመጣ አይነካም፤ ስለማይነካ ግን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ቀኑ ያልፋል። ያለፈበትን ጥሎ አዲስ መግዛት ለዘላለም የማያልቅ ወጪ ሆነ። አየር ኃይሉ በ1985 ለኤፍዲኤ ቀጥተኛ ጥያቄ አቀረበ፦ እነዚህ መድኃኒቶች በእርግጥ ተበላሽተዋል? በቀጣዩ ዓመት የአገልግሎት ዘመን ማራዘሚያ ፕሮግራም የሚባለው ሥራ ተቋቋመ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሠራዊቱ በሙቀትና በእርጥበት ቁጥጥር ከሚጠብቀው ክምችት ናሙና ይልካል፤ የኤፍዲኤ ቤተ ሙከራ ይመረምራል፤ ፍተሻውን ያለፈው ምርት ቀኑ ይራዘምለታል፤ የወደቀው ይወገዳል። የተራዘመውም በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ደግሞ ደጋግሞ ይፈተሻል። ማራዘሚያው ለመድኃኒቱ ዓይነት ሳይሆን ለተፈተሸው የምርት ዙር፣ ባለሙያዎቹ ባች ለሚሉት፣ ብቻ ነው። ከ1993 እስከ 1998 ሠራዊቱ ለፍተሻ ያወጣው ከአራት ሚሊዮን ዶላር በታች ሲሆን ያዳነው ግን 263 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ሕዝቡ ይህን የሰማው ዘግይቶ ነው። በማርች 2000 ዎል ስትሪት ጆርናል ስለ ፕሮግራሙ ሰፊ ዘገባ አወጣ። ከተፈተሹት ከ100 በላይ መድኃኒቶች ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ቀናቸው ካለፈ ከረጅም ጊዜ በኋላም ጤናማና ፈዋሽ ሆነው ተገኝተው ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የቀን አጻጻፉ ዳግመኛ እንዲመረመር ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት በፖስታ የተላከ የአባ ሰንጋ ዱቄት አምስት ሰዎችን ሲገድል የመጠባበቂያ ክምችት ዋጋ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶች በየከተማው መገኘት ነበረባቸው።

በ2006 የፕሮግራሙ ውጤት በሳይንሳዊ መጽሔት ታተመ። 122 መድኃኒቶች፣ 3,005 የምርት ዙሮች ተፈትሸው ከዙሮቹ 88 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በአንድ ዓመት እንዲራዘሙ ተፈቅዷል። አማካዩ ማራዘሚያ 66 ወር፣ ማለትም አምስት ዓመት ተኩል ነበር። ጽሑፉ ግን ሌላም ነገር አሳይቷል። የአንዱ መድኃኒት ልዩ ልዩ የምርት ዙሮች በመቆየት አቅማቸው እጅግ ይለያያሉ፤ አንዱ ዙር ዓመታት ሲሻገር ሌላው ይወድቃል። ካልተፈተሸ አስቀድሞ አይታወቅም። ሰው ቤቱ ባለው ኪኒን ላይ የራሱን ማራዘሚያ እንዲሰጥ ይህ ጥናት ፈቃድ አይሰጠውም።

ስጦታው ሲመጣ

በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ጥግ ቀኑ የሚነበበው በተቃራኒ ወገን ነበር። ሀብታሙ ሠራዊት ያለፈበትን መድኃኒት እየፈተሸ ሲያቆይ፣ ድሃው ሕዝብ ያለፈበትን መድኃኒት በዕርዳታ ስም ይቀበል ነበር። በ1988 አርመንን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት 5,000 ቶን መድኃኒት ተላከላት። 50 ሰዎች ስድስት ወር ሲለዩት ቆዩ፤ 8 በመቶው ሲደርስ ቀኑ አልፎበት ነበር። በኤርትራ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን መጣ፤ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ወሰደ። 30,000 ጠርሙስ ጊዜው ያለፈበት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ደግሞ ከሽታው የተነሣ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ማስወገድ አልተቻለም። በ1990ዎቹ ለቦስኒያ ከተላከው መድኃኒት 17,000 ቶን የሚሆነው ለምንም የማይውል ሆኖ ተቆለለ።

እነዚህ ስጦታዎች ለላኪው የማስወገጃ ወጪ የሚያድኑ ነበሩ፤ በአንዳንድ አገር የግብር ቅናሽም ያስገኙ ነበር። ተቀባዩ ግን መጋዘን፣ ማቃጠያና የሰው ጉልበት ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር በ1996 ያወጣው መመሪያ ይህን ለማቆም የታሰበ ነው። በዕርዳታ የሚሰጥ መድኃኒት አገሩ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል አለ። መመሪያው በ1999 እና በ2010 ተሻሽሏል። መሠረተ ሐሳቡ ለላኪው የማይበጅ ለተቀባዩም አይበጅም የሚል ነው፤ አገሩ ውስጥ ያልተቀበለውን ጥራት ለሌላ አገር መላክ የለበትም።

ይህ መመሪያ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከሠራዊቱ ፕሮግራም ጎን ለጎን ሲነበብ አንድ አለመመጣጠን ይታያል። ቤተ ሙከራና ገንዘብ ያለው ወገን የተጻፈውን ቀን ፈትሾ ያልፈዋል፤ ያ የሌለው ወገን ደግሞ ከማጭበርበር የሚጠብቀው ብቸኛ ጋሻ ያው የተጻፈው ቀን ስለሆነ ቀኑን አጥብቆ ይይዛል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

እጥረቱ ሲበረታ

በ2009 የአሳማ ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ ሲነሣ ታሚፍሉ የተባለው የጉንፋን መድኃኒት በየአገሩ መጋዘን ተከማችቶ ነበር። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የታሚፍሉን ካፕሱል ዕድሜ ከአምስት ዓመት ወደ ሰባት ዓመት አራዘመ። ኤፍዲኤም በአስቸኳይ ፈቃድ ቀኑ ያለፈ ክምችት በጥቅም ላይ እንዲውል ፈቀደ። የአሜሪካ ክፍላተ አገር በየበኩላቸው የገዙት ክምችት ግን የሠራዊቱ ፕሮግራም አባል ስላልነበረ ብዙው ከወረርሽኙ በኋላ በቀኑ ተጣለ። ፕሮግራሙ የፌዴራል መንግሥቱ ንብረት ነው፤ የከተማ ሆስፒታልም ሆነ የሰፈር መድኃኒት ቤት አይገባበትም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ከወረርሽኝ ወደ ዕለት ተዕለት ሕክምና ወረደ። በ2011 በአሜሪካ 251 አዳዲስ የመድኃኒት እጥረቶች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ ዋጋቸው ርካሽ የሆነ፣ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ፣ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው፤ የካንሰር፣ የማደንዘዣ፣ የልብ። ትርፉ ትንሽ ስለሆነ አምራቹ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ የአንዱ ማሽን ሲበላሽ አገሩ ባዶ ይቀራል። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ስለ እጥረቱ ትእዛዝ ሰጡ። በ2012 የወጣ ሕግ አምራቾች እጥረት ሊመጣ መሆኑን አስቀድመው እንዲናገሩ አስገደደ። በ2013 ሌላ ሕግ ኤፍዲኤ ለአስቸኳይ ጊዜ በተከማቹ መድኃኒቶች ላይ ቀን የማራዘም ግልጽ ሥልጣን ሰጠው።

በ2012 ደግሞ ሳንዲዬጎ ውስጥ በመርዝ መረጃ ማዕከል የሚሠራው ሊ ካንትሬልና ባልደረቦቹ ከአንድ ፋርማሲ ጓዳ የተገኙ፣ ከ28 እስከ 40 ዓመት ያለፈባቸው ስምንት መድኃኒቶችን መረመሩ። ከተለኩት 14 ንጥረ ነገሮች 12ቱ ከተጻፈው መጠን ቢያንስ 90 በመቶ ይዘው ተገኙ። አስፕሪንና አምፌታሚን ግን ወርደው ነበር። በ2017 ካንትሬል ለከባድ አለርጂ የሚወጋውን ኢፒፔን መረመረ። ከአንድ እስከ 50 ወር ካለፈባቸው 40 መርፌዎች ውስጥ ሁሉም ከዋናው ንጥረ ነገር ከኢፒነፍሪን የተጻፈውን መጠን ቢያንስ 84 በመቶ ይዘው ተገኙ።

በዚያው 2017 እጥረቱ ድንገተኛ ክፍል ደረሰ። ልብ ሲቆም የሚወጉት ኢፒነፍሪን፣ አትሮፒን፣ ሶዲየም ባይካርቦኔትና የስኳር ፈሳሽ ጠፉ። ኤፍዲኤ ከአምራቹ የፍተሻ ማስረጃ ተቀብሎ የተወሰኑ የምርት ዙሮች ከተጻፈባቸው ቀን በኋላም እንዲወጉ ፈቀደ። በሴፕቴምበር ማሪያ የተባለው ማዕበል ፖርቶ ሪኮን ሲመታ በዚያ ይመረት የነበረው በከረጢት የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ፣ ሳላይን የሚባለው፣ ተቋረጠ፤ ሆስፒታሎች ፈሳሹን ከአየርላንድና ከአውስትራሊያ በሚመጣ ጭነት መተካት ያዙ። በኦገስት 2018 ኢፒፔን ሲጠፋ ኤፍዲኤ ለተወሰኑ ዙሮች አራት ወር ጨመረላቸው። ብሪታንያም ተከተለች።

ከዚህ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይወጣል። አራቱን ወር የሚደግፈው የፍተሻ ማስረጃ ከአምራቹ ዘንድ የሚገኝ ከሆነ፣ ቀድሞ ካርቶኑ ላይ ለምን አልተጻፈም? በቦስተን አቅራቢያ ያለ ባለ 240 አልጋ ሆስፒታል በ2016 ብቻ 200,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ጥሏል። በዚያው ዓመት የሠራዊቱ ፕሮግራም 3.1 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ 2.1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መድኃኒት ከመተካት አድኗል።

አሥራ ስምንት ቀን

የኮቪድ ክትባት ሲወጣ የማብቂያ ቀን ጉዳይ የዓለም ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ክትባቶቹ አዲስ ስለነበሩ ማንም ለዓመታት ሊፈትሻቸው ጊዜ አልነበረውም፤ ስለዚህ አጭር ቀን ተቆረጠላቸው፣ ፍተሻው በቀጠለ ቁጥርም ይራዘም ነበር። የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት በ2021 ከሦስት ወር ወደ አራት ተኩል፣ ከዚያም ወደ ስድስት ወር ከፍ አለ። የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት የሚያመርተው አስትራዜኔካም በሕንድ ከስድስት ወር ወደ ዘጠኝ ወር ተራዝሟል።

ማላዊ ይህን ዕድል አላገኘችም። ማርች 26 ቀን 2021 በአፍሪካ ኅብረት በኩል 102,000 ክትባት ሲደርሳት ቀኑ ኤፕሪል 13 ያልፍ ነበር፤ 18 ቀን ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ አታስወግዱ፣ ይራዘም እንደሆነ ይጣራል አለ፤ ኋላ ያለፈበት ይወገድ አለ። በሜይ 19 ቀን በሊሎንግዌ 19,610 ክትባት በአደባባይ ተቃጠለ። የማላዊ መንግሥት ያቃጠለው ሕዝቡ ያለፈበትን ነው የሚሰጡን ብሎ እንዳይሸሽ ነበር። በዲሴምበር ናይጄሪያ በአቡጃ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክትባት አስወገደች። እነዚያም ከሀብታም አገሮች የመጡት ሊያልፍባቸው ሳምንታት ሲቀራቸው ነው።

መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የበሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ክትባት ለድሃ አገሮች ሲያዳርስ ከነበረው ከኮቫክስና ከአፍሪካ ክትባት ግዥ ትረስት ጋር በኖቬምበር 29 ቀን 2021 የጋራ መግለጫ አወጣ። ለአፍሪካ የሚሰጥ ክትባት ሲደርስ ቢያንስ የአሥር ሳምንት ዕድሜ ይኑረው፣ አስቀድሞም ይነገር አለ። የ1996ቱ መመሪያ ዓመት ሲጠይቅ ይህ አሥር ሳምንት ለመነ። የቀን ገመዱን አጭር ያደረገው ሳይንሱ ብቻ አልነበረም፤ ክትባቱ በሀብታም አገር መጋዘን የቆየበት ጊዜም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከታሪኩ ጋር ይገናኛል። አገሪቱ የምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ ይገባል። የሁለት ዓመት ዕድሜ የተጻፈበት ካርቶን ከፋብሪካ ወጥቶ፣ የውጭ ምንዛሪ ተጠብቆ፣ መርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ ከማዕከላዊ መጋዘን እስከ ወረዳ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ከዕድሜው ብዙውን በመንገድ ይበላል። የመጋዘን ባለሙያ ቀድሞ የሚያልፍበትን አስቀድሞ ማውጣት የመጀመሪያ ሥራው የሆነው ለዚህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሚመራው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንዳይሸጥ የሚቆጣጠረውም ታካሚው ሊያነብበው የሚችለው ጋሻ ያው ቀን ስለሆነ ነው። ቀኑን ማላላት አደጋ አለው፤ ፋብሪካ ላይ ረዘም አድርጎ ማጻፍ ግን ለሩቅ አገር ከማንም ይበልጥ ይጠቅማል።

የቀረው ጥያቄ

በ2024 መጀመሪያ ሩብ ዓመት በአሜሪካ 323 መድኃኒቶች በእጥረት ላይ ነበሩ፤ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሄሊን የተባለው ማዕበል ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በማሪዮን ከተማ አቅራቢያ ያለውን ፋብሪካ በጎርፍ አጠለቀው። ከአገሪቱ የደም ሥር ፈሳሽ 60 በመቶ የሚሆነው የሚመረተው በዚያ ነበር፤ በቀን አንድ ሚሊዮን ተኩል ከረጢት። ሆስፒታሎች ቀዶ ጥገና አዘገዩ፤ የሚችል ታካሚ በአፉ እንዲጠጣ ተደረገ። ኤፍዲኤ ከውጭ ማስገባቱን ፈቅዶ የአንዳንድ ምርቶችንም ቀን አራዘመ። በመጋዘን የነበረው ከረጢት ሳይጣል አገለገለ። ይህ ፋብሪካን አይተካም፤ ፋብሪካው እስኪነሣ ግን ትንፋሽ ይሰጣል።

ማራዘም እጥረትን አይፈውስም። እጥረቱ የሚመጣው ከትንሽ ትርፍ፣ ከጥቂት አምራች፣ ከአንድ ቦታ ከተከማቸ ጥሬ ዕቃ ነው። ነገር ግን እስካሁን የተሠራበት መንገድ ሁልጊዜ ከችግሩ በኋላ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒቱ ሲጠፋ ኤፍዲኤ አምራቹን ማስረጃ አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ካለው ጥቂት ወር ይጨመራል፤ ከሌለው ከረጢቱ ይጣላል። ኤፍዲኤ ራሱ ይህን ለመገልበጥ በተከታታይ የበጀት ዓመታት ለምክር ቤቱ ሐሳብ አቅርቧል። አምራቾች መድኃኒታቸው በሳይንስ እስከሚደገፈው ረጅሙ ቀን ድረስ እንዲፈትሹና ያንኑ ካርቶኑ ላይ እንዲጽፉ የማስገደድ ሥልጣን ይሰጠኝ ነው የሚለው። በ1979 ክፍት የቀረውን በር መዝጋት ማለት ነው፤ ዝቅተኛውን ብቻ ሳይሆን ከፍተኛውንም መጠየቅ።

ተቃዋሚው የሚያነሣው ነጥብ ባዶ አይደለም። ረጅም ፍተሻ ወጪ አለው፤ ወጪውም ትርፉ ትንሽ የሆነውን የርካሽ መርፌ አምራች ጭራሽ ከገበያ ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ ግዴታው እጥረት በሚፈራባቸው መድኃኒቶች ቢጀመር፣ የፍተሻው ወጪም ከሕዝብ ገንዘብ ቢታገዝ ያዋጣል። የሠራዊቱ ሒሳብ የሚያሳየው ለፍተሻ የወጣ አንድ ዶላር ብዙ ዶላር እንደሚያድን ነው፤ የሕዝብ ሆስፒታል ያንኑ ስሌት የማይጠቀምበት ምክንያት የለም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግለሰቡ ታካሚ የተጻፈውን ቀን ማክበር አለበት። በሠራዊቱ መጋዘን የቆየ ኪኒንና በወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ በእንፋሎትና በፀሐይ የቆየ ኪኒን አንድ አይደሉም። ኢንሱሊን፣ ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን፣ ተበጥብጦ በፈሳሽ የተዘጋጀ አንቲባዮቲክ፣ የዓይን ጠብታ ጨርሶ የሚደፈሩ አይደሉም። መድኃኒቱ ከቀኑ በላይ እንደሚቆይ የሚያውቀው የለካው ብቻ ነው፤ ለመለካት አቅሙም ግዴታውም ሊኖረው የሚገባው ደግሞ ያመረተው እንጂ ታማሚው አይደለም። ከ1902 ጀምሮ የወጡት ሕጎች ያሉት ይህንኑ ነው፤ የጎደላቸው አምራቹ እስከ መጨረሻው እንዲለካ ማዘዝ ብቻ ነው።